ይጨመር ወይስ ይብቃ?

ማንኪራ ስሟ የሚነሣው በቡና ነው። በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ ያለችው ይህች ቀበሌ የቡና መገኛ እየተባለች እንግዳ ደኗን ሊያይ ይመጣል። ከዚያ ታሞ የሚወጣ ሰው የሚሄድበት መንገድ ግን ለእንግዳ አይታይም። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል፤ ከከበደም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። በየደረሰበት ግሉኮስ ሊሰቀልለት ይችላል። አስታማሚም ካልተሰቀለለት ሕክምና የተጀመረ አይመስለውም።

እንዲህ በየጣቢያው እየተጨመረለት የመጣ ሰው በመጨረሻ ትንፋሹ ደክሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ፣ በመተንፈሻ ማሽን (ቬንትሌተር) መተንፈስ ጀመረ እንበል። ደም ግፊቱ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ይጨመርለት ወይስ ይብቃው? እስካሁን የገባው ሊትር በሪፈር ወረቀቱ ላይ ተደምሮ ካልተጻፈ፣ መልሱን ከራሱ ከሕመምተኛው ገላ መፈለግ ግድ ይሆናል። አልትራሳውንድ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ፈሳሽ መስጠቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። በኢንፌክሽን ሳቢያ ሴፕሲስ ሲነሣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ግፊትም ይወርዳል። ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል እንዲሰጥ ይመክራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ሊትር ተኩል መሆኑ ነው። ጭንቁ ከዚያ ወዲያ ነው። ልብ የሚመለስለት ደም ሲበዛ ተለጥጦ አጠንክሮ ይረጫል፤ ይህ ግን ወሰን አለው። ከወሰኑ ያለፈው ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይሰርጋል፣ ኩላሊትን ያጨናንቃል፣ ከማሽኑ የመላቀቂያውን ቀን ያርቃል። በጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ፈሳሽ ሲጨመርለት ልቡ የሚረጨው ደም በርግጥ የሚጨምረው ከሁለት ሕመምተኞች ለአንዱ ያህል ነው።

እዚሁ አፍሪካ ውስጥ የታየው ደግሞ ያስደነግጣል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተው ፊስት የተባለ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ብርቱ ትኩሳት ከደም ዝውውር መዳከም ጋር ከታየባቸው ሕፃናት መካከል ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ 10.5 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 ነበሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የሉሳካ ጥናት በሴፕሲስ ግፊታቸው በወረደ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ፈሳሽ በብዛት ከተሰጣቸው 48 ከመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 ከመቶ ሞተዋል። እነዚህ በቬንትሌተር የሚተነፍሱ ሕመምተኞች ስላልነበሩ ቁጥሩን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዳለ ማዛወር አይቻልም። ‹‹ፈሳሽ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም›› የሚለውን እምነት ግን አፍርሰውታል።

ወደ አልትራሳውንዱ እንመለስ። ከደረት አጥንት ግርጌ ጄል ተቀብቶ በእጅ የሚያዘው የአልትራሳውንዱ መፈተሻ፣ ፕሮቡ፣ ሲቀመጥ፣ ከታችኛው ሰውነት ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ከጉበት ጀርባ ሲያልፍ ይታያል። በራሱ የሚተነፍስ ሰው አየር ሲስብ ይህ ሥር ይጠባል። በቬንትሌተር ሲሆን ተገላቢጦሽ ነው፤ ማሽኑ አየር ሲገፋ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ደሙ እንዳይመለስ ያግደዋል፣ ሥሩም ይሰፋል። አየሩ ሲወጣ መልሶ ይጠባል። ሥሩ በደንብ ካልሞላ ይህ መስፋትና መጥበብ ጎልቶ ይታያል፤ ጢም ብሎ ከሞላ ግን እንደተወጠረ ጎማ ንቅንቅ አይልም።

በ2004 እ.ኤ.አ. ሁለት የፈረንሳይ ቡድኖች ይህን ወደ ቁጥር ለወጡት። የአንደኛው ስሌት ከሰፊው ላይ ጠባቡን ቀንሶ ለጠባቡ ማካፈል ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 16 ላይ የሚጠብ ሥር 25 ከመቶ ይሰጣል፤ መለያው 18 ስለሆነ ልቡ ፈሳሹን ሳይጠቀምበት አይቀርም። 22 እና 21 ከሆነ ግን 5 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

ቁጥር ደስ ይላል፤ ወጥመዱም እሱ ነው። ስሌቱ የሚታመነው ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ማሽኑን ሳይታገል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ በኪሎ 8 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ሲገባለት ነው። ሳንባው ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ዛሬ የሚሰጠው በኪሎ 6 ገደማ ነው። እንግዲህ በጣም በሚፈለግበት ሕመምተኛ ላይ ልኬቱ ይደክማል ማለት ነው። የተወጠረ ሆድና የደከመ የቀኝ ልብም ያሳስቱታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ እግር ማንሣቱ ነው። በግማሽ ተደግፎ የተኛው ሕመምተኛ ጀርባው ወርዶ እግሩ ከፍ ሲል፣ ከእግሩና ከሆዱ 300 ሚሊ ሊትር ያህል የራሱ ደም ወደ ልቡ ይፈስሳል። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የደም ፍሰትን በሚለካው የአልትራሳውንድ ስልት፣ በዶፕለር፣ ሲለካ ከልብ የሚወጣው ደም ከ10 እስከ 15 ከመቶ ከጨመረ መልሱ አዎ ነው። ካልጨመረም የጠፋ ነገር የለም፤ እግሩ ሲወርድ ደሙ ይመለሳል። አልጋው በማኑዌላ የሚታጠፍ ከሆነ ረዳት ይጠይቃል እንጂ ሕመምተኛው በራሱ ቢተነፍስም ይሠራል።

ታዲያ አዎ ማለት ስጠው ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰውም እግሩ ቢነሣ ልቡ የሚረጨው ደም ሊጨምር ይችላል፤ ግሉኮስ ግን አያስፈልገውም። ስለዚህ ፕሮቡ ወደ ደረት ይወጣል። ደረቅ ሳንባ አግዳሚ መስመሮችን ያሳያል፤ ውሃ ያዘለ ሳንባ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ብሩህ መስመሮችን። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ሊችተንስታይን ፈሳሽ እየተሰጠ ንጹሕ በነበረ ሳንባ ላይ እነዚህ መስመሮች ብቅ ሲሉ ማቆም እንደሚገባ አስተምሯል። የሳንባ ምችም ተመሳሳይ መስመር ስለሚያወጣ፣ ገና ከመጀመሪያው የተነሣ ምስል ከሌለ ማነጻጸሪያ አይኖርም።

በእኔ ግምት የአልትራሳውንዱ ትልቁ ውለታ ‹‹ይብቃ›› ማስባሉ ነው። ያኔ ሐኪሙ ከረጢቱን ትቶ ግፊት ወደሚያነሣው ኖርአድሬናሊን ይዞራል።

መሣሪያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እርጉዝ ሴቶች የሚታዩበት ነው። ጽንስ የሚታይበት ጎባጣው ፕሮብ ደም ሥሩንም ሳንባውንም ያሳያል። የልቡን ፍሰት በደንብ ለመለካት ግን በጎድን አጥንት መሃል የሚሾልክ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ፕሮብ ያስፈልጋል፤ እሱ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚገዛ ነው።