በኤክሴል መዝገብ ላይ የቀለም መምረጫ መስኮት ስለ ማስገባት

የዱቤና የዕቃ መዝገቡን በኤክሴል የሚይዝ ነጋዴ መስመሮቹን በቀለም መለየቱ የተለመደ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ያለው ዕቃ በቢጫ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የገባው በሰማያዊ፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ ተፈጽሞ መጋዘን የገባው በአረንጓዴ ይቀባል። ዓይን ነገሩን ባንድ አፍታ ስለሚለየው ልማዱ መልካም ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ቀለሙን ሁሉም እንደየዓይኑ ሲመርጥ ነው። የደሴው ጸሐፊ አንድ አረንጓዴ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ በኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ባልደረባው ሌላ አረንጓዴ ቢቀቡ፣ ሁለቱ ለሰው አንድ ይመስላሉ፤ ለኤክሴል ግን ሁለት ናቸው። መዝገቡ በቀለም ሲጣራ አንደኛው ወገን ይቀራል፤ መጋዘን የገባው ዕቃ እንዳልደረሰ፣ ያልተከፈለውም ዱቤ እንደሌለ ሆኖ ይታያል።

ምክንያቱም ኤክሴል ማንኛውንም ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀምሞ በቁጥር ስለሚይዘው ነው። የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ስለሆነ 16,777,216 ልዩ ልዩ ቀለም ይገኛል። ቀዩ ብቻ ሲሞላ ቁጥሩ 255፣ አረንጓዴው ብቻ ሲሞላ 65,280 ይሆናል። ይህ ቁጥር በማክሮው ውስጥ ቢጻፍ ቀለሙ አንድ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሊለውጠው ባሰበ ቁጥር ባለሙያ መጥራት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ማክሮው ራሱ የቀለም መምረጫ መስኮት እንዲከፍት ማድረግ ይሻላል።

አሠራሩም በዊንዶውስ ላይ እንደሚከተለው ነው። አልትና ኤፍ 11 በአንድነት ሲጫኑ የቪዥዋል ቤዚክ መጻፊያ ይከፈታል። እያንዳንዱ የኤክሴል ፋይል 56 ቦታዎች ያሉት የቀለም ገበታ አለው፤ ማክሮው በመጀመሪያ በ56ኛው ቦታ ያለውን ቀለም መዝግቦ ያስቀምጣል። ቀጥሎ «ዳያሎግ ኤዲት ከለር» የተባለውን መስኮት ለዚያው ቦታ ይከፍታል። ተጠቃሚው መርጦ «ኦኬ» ሲል መስኮቱ «እውነት» የሚል መልስ ይሰጣል፤ የተመረጠውም ቀለም በ56ኛው ቦታ ይገኛል፤ ማክሮው ከዚያ አንሥቶ ሴሉን ይቀባል። ተጠቃሚው ሐሳቡን ለውጦ «ካንስል» ካለ መልሱ «ሐሰት» ስለሆነ ምንም አይነካም። በመጨረሻ የቀድሞው ቀለም ወደ ገበታው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ኤክሴል ወዲህ ሴሉ የቀለሙን ሙሉ ቁጥር ስለሚይዝ ገበታው ቢመለስም የተቀባው አይለወጥም።

ይሁን እንጂ መስኮቱ በየመስመሩ የሚከፈት ከሆነ የቀድሞው ጉዳት ይመለሳል። ስለዚህ «በመንገድ»፣ «በደረቅ ወደብ»፣ «በመጋዘን» የሚሉት ቃላት የሰፈሩበት አንድ የመፍቻ ገጽ ይዘጋጅ፤ መስኮቱም የሚከፈተው በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ይሁን። ሌላ ማክሮ በእያንዳንዱ መስመር የተጻፈውን ቃል አንብቦ ቀለሙን ከመፍቻው እየወሰደ ይቀባ። ቀለሙ ሲለወጥ ይኸው ማክሮ እንደገና ቢሠራ መዝገቡ በሙሉ ይስተካከላል።

ቃሉ መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው። የኤክሴል የመደመሪያ ቀመር ቀለምን አይመለከትም፤ በቃል የተለየውን ግን ለይቶ ይደምራል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰውም ቃሉን አንብቦ ይረዳል።

ማክሮ የሠራውን በኮንትሮልና ዜድ መመለስ ስለማይቻል አስቀድሞ የፋይሉን ቅጂ ማስቀረት ይገባል። ፋይሉም እንደ ኤክስኤልኤስኤም ባለ ማክሮ በሚይዝ ዓይነት ካልተቀመጠ ማክሮው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ ስለሚያግድ፣ እገዳውን ማንሣት የላኪው ማንነት ሲታወቅ ብቻ ነው።

በአጭሩ ቀለም ለዓይን፣ ቃል ለሒሳብ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ መፍቻ ሲነሡ የደሴው ሱቅና የኮምቦልቻው መጋዘን አንድ መዝገብ ያነባሉ።