ፍላሽ ሲገዛ ከጉልበቱ በፊት አንገቱ ይታይ

ካሜራ ላይ አብሮ የተሠራው ፍላሽ ፊት የሚያገረጣውና ግድግዳ ላይ ድፍን ጥላ የሚጥለው ጉልበት ስላነሰው ብቻ አይደለም። የመብራቱ ገጽ ጠባብ ነው፤ ብርሃኑም ከሌንሱ አጠገብ ተነስቶ በቀጥታ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ ተጨማሪ ፍላሽ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት የፍላሹ ራስ ወደ ላይና ወደ ጎን መዞሩን ነው። ወደ ነጭ ኮርኒስ የተቀሰረ ፍላሽ ኮርኒሱን ሰፊ መብራት ያደርገዋል፤ ጥላው ይለሰልሳል፣ የግንባር ነጸብራቅም ይቀንሳል። ራሱ የማይዞር ፍላሽ ግን የቱንም ያህል ቢበረታ ያንኑ ጉድለት ከሩቅ ይደግመዋል።

ሻጭ የሚያጎላው ጋይድ ነምበር የሚባለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለሌንሱ ኤፍ ቁጥር ሲካፈል ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት ይሰጣል፦ በአይኤስኦ 100 ቁጥሩ 60 ከሆነ፣ በኤፍ 4 እስከ 15 ሜትር። ነገር ግን ይህ ብዙውን ጊዜ የሚለካው የፍላሹ ዙም ተስቦ፣ ብርሃኑ በጠባቡ ተሰብስቦ ነው። በዚያ ላይ አይኤስኦውን ወደ 400 ማሳደግ ብቻ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ያውም በነጻ።

«ድንኳን ውስጥ ኮርኒስ ከየት ይመጣል?» የሚል ቢኖር ልክ ነው። ባለቀለም ሸራ ላይ የነጠረ ብርሃን ቀለሙን ፊት ላይ ይዞ ይመለሳል። እዚያ የሚያዋጣው ፍላሹን ከካሜራው አውርዶ ከጎን ማቆም ነው። ጎዶክስ ቲቲ600 ርካሽ ቢሆንም የሬዲዮ መቀበያ በውስጡ ስላለው፣ ማስተላለፊያውን ብቻ መጨመር ይበቃል። በቀትር ፀሐይ ለሚሠራ ግን ጉልበትም ዋጋ አለው።

የብርሃኑን መጠን ካሜራው ራሱ እንዲወስን የሚያደርገው ቲቲኤልስ? ሙሽራ እየተከተለ ለሚያነሳ፣ ርቀቱ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ፣ ቢከፈልበት አያስቆጭም። ቁጭ ብሎ የሚነሳን ሰው ወይም የሱቅ ዕቃ ለሚያነሳ ግን በእጅ የሚስተካከል ፍላሽ በቂ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ መጠኑን ካገኘ በኋላ አይለወጥበትም።

ርካሽ ፍላሽ ሁሉ ግን ለሁሉም ካሜራ አይሆንም። ካኖን 250ዲ በፍላሽ መሰኪያው መሃል የተለመደው የመገናኛ ነጥብ ስለሌለው፣ በዚያ ነጥብ ብቻ የሚሠራው ዮንግኑዎ 560 እላዩ ላይ አይበራም። በፊልም ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ፍላሾች፣ ለምሳሌ የቀድሞዎቹ ቪቪታር 283፣ በመገናኛቸው ከ200 ቮልት በላይ ሊኖራቸው ስለሚችል ዲጂታል ካሜራን ሊያበላሹ ይችላሉ። እነዚህን ለሙከራ እንኳ መሰካት አይገባም፤ አዲሱን ግን ገንዘብ ከመክፈል በፊት በገዛ ካሜራ ላይ ሰክቶ ማብራት ይቻላል።