ቁስቋም፦ ማኅሌት ያቆመው የእቴጌዋ ግቢ

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከአምባራስ አቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ዜማና እንቅስቃሴ፣ ሊማር ጎንደር የወረደ ተማሪ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ከደብረ ፀሐይ ተራራ ሥር የፈረሰ የድንጋይ ግቢ ያገኛል። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ነው። ዛሬ ጎብኚው ፍርስራሹን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ግቢው ግን የተሠራው ለዜማም ጭምር ነበር።

የቋራዋ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ነገሡ። የፋሲል ግቢ ሳይበቃቸው የራሳቸውን አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን እዚህ አሠሩ፤ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ግድግዳው ላይ አሉ። ስሙ ቅድስት ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት የግብፅ ደብር የመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ በዚህ ግቢ ተቀምጧል።

ደብሩን ያቆመው ጉልቱ ነው። እቴጌዋ መሬት ሲተክሉለት፣ ገበሬው ለቤተ መንግሥት ይከፍል የነበረው ግብር ለካህናቱና ለደባትሩ ሆነ። ደብተራውም በፋንታው በየበዓሉ ማኅሌት ይቆም ነበር። በዚያው ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1761 ጀምሮ፣ የሃንጋሪ ኤስተርሃዚ መሳፍንት የሙዚቃ ደራሲውን ሃይድንን ቀጥረው በግቢያቸው ሙዚቃ ያስደርሱት ነበር። እዚያ ደመወዝ፣ እዚህ ጉልት፤ ሁለቱም ዜማ ያለ ቀለብ እንደማይዘልቅ የገባቸው ጌቶች ነበሩ።

የቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ በዓሉ የዚህ የጽጌ ወቅት መዝጊያ ነው። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መጀመሪያ በቁም ዜማ ብቻ ያዜማሉ። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ በመረግድና በጽፋት ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። እንደ ኦርኬስትራ ዱላ ይዞ ፊት ቆሞ የሚመራ የለም። መሪና ተመሪ ቢኖርም ሁሉም በጆሮው እየተጠባበቀ ነው የሚሄደው። ወረቡ ደርሶ እርምጃው ሲፈጥን አንዱ ቢሳሳት ወዲያው ይታወቃል፤ አቋቋም ዓመታት የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

ግቢው ብዙ አልቆየም። የእቴጌዋ የልጅ ልጅ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ተገደሉ፤ እቴጌዋም በ1765 ዐረፉ። በ1880 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም አልተረፈም። ጉልቱን ደግሞ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አስቀረው። ትምህርቱ ግን ከግድግዳው ጋር አልፈረሰም፤ የአቋቋም ምስክር የሆነችው የጎንደር በአታ ዛሬም ታስተምራለች። ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ የኔታ የነገሩትን ሌሊት በቃሉ ያጠናል። ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ በሚተረክበት አገር የተወለደ ልጅ ይህን ለመማር መራቡ ያሳዝነኛል። ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለድንጋዩ ጥገና የሚታሰበውን ያህል ለተማሪው ቀለብም መታሰብ አለበት።

ማየት የሚሻ በጥቅምት ቅዳሜ ማታ ነጠላውን አጣፍቶ ይሂድ፤ ማኅሌቱ እስኪነጋ ይቆማል።