ሣጥኑን ከመግዛታችን በፊት ተሳቢውን እንይ



እኛ ነርሶች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። ይሁን እንጂ በክፋር ግቢሮል ቤት ለቤት ስንዞር የደም ግፊት የሚጨምረው በጨው ብቻ እንዳልሆነ እናያለን። ባለፈው ክረምት የአንድ አባታችንን ግፊት ስንለካ ከወትሮው ከፍ ብሎ አገኘነው። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። ምን እንዳሳሰባቸው ስንጠይቃቸው ጠረጴዛው ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን አሳዩን።

«ልጄ የአትክልት ሥራ ጀምሮ ቴንደርና ተሳቢ ገዛ። እኔም ስለ ፍሬኑ ሰግቼ ይህችን በስልክ አዘዝሁለት። ሰውየው ለሁሉም ተሳቢ ይሆናል ብሎኝ ነበር። ሞሳክ ስንወስዳት ግን አትሠራም አሉን። እንግዲህ ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው» አሉ። ሌላው እንዲማርበት ስማቸውን ሳንጠራ እንድንጽፍ ፈቅደውልናል።

ሣጥኗ የምትሠራው ምንድን ነው?

ከጎንደር የመጣችሁ ሁሉ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ታስታውሳላችሁ። ቁልቁለት ላይ ከኋላ ያለ ክብደት የፊቱን ይገፋል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሻዓር ሃጋይ በ1 ቁጥር መንገድ ስንወርድም ያው ነው። ስለዚህ ከባድ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል።

የቀላል መኪና ተሳቢዎች ፍሬን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የግፊት ፍሬን ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ ያው ግፊት የተሳቢውን ፍሬን ያስይዘዋል። በአውሮፓ የተሠሩ ትናንሽ ተሳቢዎች ፍሬን ካላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ ምንም የኤሌክትሪክ ሣጥን አይፈልግም።

ሁለተኛው በአሜሪካ የተለመደው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። በጎማው ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚዞረው ብረት ጋር ይሳሳብና የፍሬኑን ሸራ ያስገፋል። ሣጥኗ፣ ማለትም የፍሬን መቆጣጠሪያዋ፣ በሾፌሩ አጠገብ ተገጥማ ያንን ኤሌክትሪክ የምትልከው ናት። የአባታችን ልጅ ተሳቢ ግን የግፊት ፍሬን ነበረው። ሣጥኗ የምታዘው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ሣጥን ይሻላል?» ሳይሆን «ተሳቢው ምን ዓይነት ፍሬን አለው?» ነው።

ፍሬኑ የኤሌክትሪክ ከሆነስ?

ቴንደሩ ከፋብሪካ መቆጣጠሪያ ተገጥሞለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ አላቸው። ከሌለው ሁለት ዓይነት ይሸጣል። ርካሹ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር አስቀድሞ የተሞላለትን ያህል ይልካል፤ ሾፌሩ በቀስታ ይርገጥ ወይም በድንገት አይለይም። ሁለተኛው መኪናው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ እየለካ ተሳቢውን በዚያው መጠን ይይዛል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት ጭነት ይዞ ለሚወጣ ልጅ የሚሻለው ይህ ነው።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ተመልከቱ። አንደኛ፣ በእጅ የሚሠራ ማንሻ ይኑረው። ተሳቢው መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን በኃይል መርገጥ ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ማንሻውን በቀስታ መጠቀም ነው። ሁለተኛ፣ ሣጥኗ ስንት አክስል እንደምትችል ተጽፎባታል፤ ከተሳቢው ጋር አስተያዩት። ሦስተኛ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ሶኬት ስለሚለያይ ገመዱን ባለሙያ ይግጠመው፤ ጎረቤት አይቀጥለው።

ከተገጠመ በኋላ ልኩ መስተካከል አለበት። ባዶ፣ ደረቅና ለጥ ያለ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይሞከራል። የተሳቢው ጎማ ደርቆ ከተንሸራተተ ልኩ ይቀነሳል፤ ተሳቢው መኪናውን ከገፋ ይጨመራል። ጭነቱ ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል። ተሳቢው ቢነቀል በራሱ እንዲቆም የሚያደርገው ትንሽ ባትሪም መሙላቱ ይታይ።

ወረቀቱንም አትርሱ። የመጎተቻው ቫቭ በመኪናው ርሽዮን ላይ መመዝገቡን፣ መኪናው ፍሬን ያለውንና የሌለውን ተሳቢ እስከ ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚፈቀድለት፣ ኢንሹራንሱም ተሳቢውን መሸፈኑን ልጆቻችሁን ጠይቁ። ለብድሩ ዋስ ሆኖ የሚፈርም አባት ይህን ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ገንዘቡ ቀረ?

አልቀረም። በእስራኤል በ1981 በወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከገቡ 5 ዓመት ላልሞላቸው ዖሊም ደግሞ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ፣ ጊዜው እስከ 4 ወር ይረዝማል። ሻጩ ለስረዛው የሚያስቀረው ከዋጋው 5 በመቶውን ወይም 100 ሸቅልን ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። ዕቃው ጉድለት ካለበት ግን ይህንንም አይወስድም።

አባታችን 65 ካለፋቸው ቆይቷል፤ ዕቃው ከደረሳቸውም ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ከልጃቸው ጋር ሆነን የስረዛ ደብዳቤ ጻፍን፤ ቅጂውንና ካባላውን አስቀመጥን። ሻጩ መጀመሪያ አንገራገረ፤ የ4 ወሩን ሕግ ስንጠቅስለት ግን ተቀበለ። በሚቀጥለው ጉብኝታችን ሣጥኗ ከጠረጴዛው ተነስታ ነበር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ስልክ ደውሎ የሚያጣድፋችሁን ሻጭ «ቆይ፣ ልጄን ልጠይቅ» በሉት። ለልጃችሁ ደኅንነት ብላችሁ ያወጣችሁት ገንዘብ በእርግጥም ደኅንነት ይግዛ።