የካርቦኑ ሒሳብ ጌዴኦ ጓሮ ሲደርስ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «የአውሮፓው የደን ሕግ ከኛ ገበሬ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አንድ ላይ ልመልስ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተያዘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ካካዎ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ እንጨትና የቀንድ ከብትም አሉበት። አንዱ ዓላማው በደን ውድመት ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀውን ካርቦን መቀነስ ነው። የሚጀመርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ፣ አሁን ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ሆኗል።

ወረቀቱ ላይ ግዴታው የተጣለው ቡናውን አውሮፓ በሚያስገባው ኩባንያ ላይ ነው። ቡናው የበቀለበትን ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አሃዝ ድረስ ማቅረብ አለበት። ማሳው ግን ሃምቡርግ የለም። አስመጪው ላኪውን ይጠይቃል፣ ላኪው አቅራቢውን፣ አቅራቢው ገበሬውን። ወጪውም በዚያው መንገድ ይወርዳል።

እስቲ እናስላው። አንድ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ቡና ይይዛል። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ጓሮ ያለው ገበሬ በዓመት 2 ኩንታል የተፈለፈለ ቡና ቢያገኝ፣ ያንን ኮንቴይነር ለመሙላት መቶ የሚጠጉ ገበሬዎች ያስፈልጋሉ። መቶ ጓሮ መሄድ፣ መቶ ስም መመዝገብ፣ መቶ ሰው ማስረዳት ማለት ነው። ብራዚል ያለ ሰፊ እርሻ በአንድ ካርታ ብዙ ኮንቴይነር ይልካል። ሕጉ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል ማለቱ ያግዛል፤ ነጥቧን ለመያዝ ግን ሰው ጓሮው ድረስ መሄዱ አይቀርም። በኪሎ ሲመታ ትልቁን ሒሳብ የሚሸከመው ትንሹ ነው።

የኛ ችግር ደግሞ በዚህ አያበቃም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ፣ የብዙ ገበሬ ቡና አንድ ላይ እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር። የማን ጓሮ እንደሆነ መለየት ያን ጊዜ የማንም ጥያቄ አልነበረም። አሁን ቡናውን ከጓሮው የሚያገናኘውን ክር ከዜሮ መፍተል ግድ ሆኗል።

ጌዴኦ ውስጥ አንድ መዝጋቢ ወጣት ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ታብሌቱን ይዞ ቡናው መሀል ቆሟል፤ ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ሰማዩን ስለጋረዱት ጂፒኤሱ አንዴ የጎረቤት እንሰት ውስጥ፣ አንዴ መንገድ ላይ ያሳየዋል። የጓሮው ባለቤት ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ግብር ልትጨምሩብን ነው?» አሉት። «አይ አባባ፣ ቡናውን ለሚገዙት ፈረንጆች ነው» አላቸው። «ታዲያ ዋጋው ይጨምራል?» ልጁ የሚመልሰው አልነበረውም።

ያንን ጥላ ልብ በሉልኝ። ሕጉ ራሱ በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማ ቡና የእርሻ መሬት እንጂ ደን አይደለም ይላል። ከሰማይ የተነሳ የሳተላይት ምስል ግን ይህን ሁልጊዜ አይለይም፤ ዛፍ ካየ ደን ሊለው ይችላል። ገበሬው ነገ ያረጀ ዋንዛ ቢቆርጥ ደን እንደመነጠረ ሊቆጠርበት ይችላል። ዛፉን ከዱሮ ጀምሮ ጨርሶ ያጠፋ እርሻ ይህ ሥጋት የለበትም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሕጉ በጸደቀበት በዚያው በ2023 ነው። የተመዘገበው ደግሞ ሰዉ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አብሮ ስላቆየ ነው። እኔን እጅግ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ዛፉን ያኖረ ሰው ዛፍ አለመቁረጡን በራሱ ወጪ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

የካርቦኑ ዕዳ የማን እንደሆነም እዩት፦ አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ አውሮፓዊው ከ5 ቶን በላይ።

ሕጉ ይቅር አልልም። የከፋና የያዩ ደን ውስጥ በዱር የሚበቅለው ቡና ለዓለም አረቢካ ቡና ሁሉ መጠባበቂያ ዘር ነው፤ ደኑ ካለቀ እሱም ያልቃል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ገበሬ ነው። የምለው ሒሳቡን ገዢው ይክፈል ነው። የምዝገባው ወጪ ከቡናው ዋጋ ተለይቶ ውሉ ላይ ይስፈር፤ ከገበሬው ዋጋ አይቀነስ። የማሳው መረጃም የገበሬው ይሁን። ዛሬ አንድ ላኪ መዝግቦት ነገ ገበሬው ለሌላ መሸጥ ቢፈልግ፣ መረጃውን ይዞ መሄድ ካልቻለ ለአንድ ገዢ ታሰረ ማለት ነው።

ማኅበርና ዩኒየን ውስጥ የምትሠሩ፣ ከገዢ ጋር የምትፈርሙት ውል ላይ እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደተጻፉ አይታችሁ ጻፉልኝ። ያልተጻፉም ከሆነ ንገሩኝ፤ ቀጣዩን ጽሑፍ በእሱ ላይ እሠራለሁ።