ለመከላከል የታዘዘ መድኃኒትና የአሠሪ ኢንሹራንስ

በአሜሪካ ሁለት ሠራተኞች ከአንድ ፋርማሲ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን ይወስዳሉ እንበል። አንደኛው በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ስለሆነ መድኃኒቱ ሕክምናው ነው፤ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ፣ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን ገና አልታመመም፤ የሚወስደው እንዳይታመም ነው። መስፈርቱን ካሟላ ምንም አይከፍልም።

ይህን መብት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውና ኦባማኬር የሚባለው ሕግ ነው። የመከላከል አገልግሎቶችን የሚመረምር የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ግብረ ኃይል አለ። ግብረ ኃይሉ «ኤ» ወይም «ቢ» ደረጃ የሰጠውን ሁሉ የአሠሪው ኢንሹራንስ ያለ ኮፔይና ያለ ዲዳክተብል መሸፈን አለበት። የግብረ ኃይሉ አባላት አሿሿም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ክስ ቀርቦ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 በ6 ለ 3 ድምፅ ውድቅ አደረገው።

ከተሸፈኑት መካከል ኤችአይቪን የሚከላከለው ፕሬፕ፣ ማጨስ ለማቆም የሚረዱ መድኃኒቶች፣ የጡት ካንሰር ሥጋታቸው ከፍ ላለ ሴቶች ታሞክሲፊን ይገኙበታል። ስታቲን ከ40 እስከ 75 ዓመት ላሉ፣ እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያለ አጋላጭ ነገር ላለባቸውና በ10 ዓመት ውስጥ ለልብ ሕመም ወይም ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድላቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ነው። ማርገዝ ለምታስብ ሴት ፎሊክ አሲድ በቀን ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊግራም ይታዘዛል። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ስለሚዘጋ እናቲቱ ማርገዟን እስክታውቅ ከተጠበቀ ይረፍዳል።

ችግሩ የሚነሳው ክፍያው ላይ ነው። የፋርማሲው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ስም እንጂ የታዘዘበትን ምክንያት አያውቅም፤ ስለዚህ በነፃ የሚገባው ሰው ይከፍላል። በዋሽንግተን፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ የምትሠሩ ወገኖች፣ ሒሳብ ስትጠየቁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ሐኪማችሁ መድኃኒቱ ለመከላከል መሆኑን ለኢንሹራንሱ እንዲጽፍ ጠይቁ። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ፎሊክ አሲድም ቢሆን እንዲሸፈንላችሁ በማዘዣ ውሰዱ። ርካሹ አቻ መድኃኒት (ጄኔሪኩ) ካልተስማማችሁ ሐኪሙ ሌላውን ያስፈቅድላችሁ። ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ሕጉ ሲጸድቅ የነበሩና ብዙም ያልተለወጡ ጥቂት ዕቅዶች ከግዴታው ነፃ ስለሆኑ የእናንተ የትኛው እንደሆነ የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ። ጥቅሙ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ገንዘብ የገዛው ነውና፣ ተጠቀሙበት።