ስለ ሕፃናት ቅርሻትና ስለ መጀመሪያ ምግባቸው



ጧት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደየመሥሪያ ቤቱ የሚወርደውን ሠራተኛ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከመካከሉ አንዳንዱ ኮቱ በሚገባ ተተኩሶ፣ ከረባቱም በሚገባ ታስሮ ሳለ፣ በትከሻው ላይ የደረቀ ኖራ የመሰለ ምልክት ይዞ ሲሄድ ያያል። ይህ ሰው ለልብሱ የማይጠነቀቅ ሆኖ አይደለም። በቤቱ ምግብ የጀመረ ሕፃን ስላለ፣ ሊሰናበተው ብሎ ቢያቅፈው አቅርሽቶበት ነው እንጂ። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ምልክት ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ወላጆች ስለ ቅርሻት ከሚያድርባቸው ፍርሃት የተነሣ በልጆቻቸው ላይ ሁለት ጉዳት ሲያደርሱ ይታያል። አንደኛው፣ እንዳያቀረሽ ብለው ምግቡን ማቅጠንና መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው፣ እንጥሉ ወርዷል ብለው ለምላጭ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ቅርሻትና ትውከት አንድ አለመሆናቸውን እንወቅ። ትውከት ማለት ሆድ በኀይል ተጨብጦ ያለውን ሲያወጣ ነው፤ ልጁም ይጨነቃል፣ መልኩ ይለወጣል። ቅርሻት ግን ያለ ጭንቅ፣ ብዙ ጊዜም ከግሳት ጋራ፣ በከንፈሩ ዳር ፈሰስ የሚል ነው፤ ልጁም ወዲያው ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በምግብ መውረጃው ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ ከረጢት አፍ ጠበቅ ብሎ የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ በሕፃንነት ጊዜ አልፎ አልፎ ይላላል። ሕፃኑም የሚመገበው ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለውም ተኝቶ ስለሆነ፣ የገባው ተመልሶ ለመውጣት ይቀለዋል። ቅርሻት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀምራል፤ በ4 ወር ገደማ ይበረታል፤ ልጁ መቀመጥና መቆም ሲለምድ እየቀነሰ ሄዶ፣ አንድ ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹን ልጆች ይተዋቸዋል።

ሐኪሞች እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም በኋላ ጡት ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጥ ይመክራሉ። በዚህ ጊዜ ነጭ የነበረው ቅርሻት መልኩና ሽታው ይለወጣል። ካሮት የበላ ልጅ ብርቱካን የመሰለ፣ የጤፍ ገንፎ የበላም ቡናማ ያቀረሻል፤ ይህም ከበላው ምግብ የመጣ ነው። ደግሞም ገንፎውን በምላሱ ወደ ውጭ ቢገፋው ጠላው ማለት አይደለም፤ ምላሱ እስከ ዛሬ መጥባትን እንጂ መዋጥን ገና አልለመደምና ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷት ነበር። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ወደ ሥራዋ የተመለሰች እናት፣ ልጇ ገንፎ በሚጀምርበት ጊዜ ቀኑን በቢሮ ስለምትውል፣ ማንኪያው በአያት ወይም በሞግዚት እጅ ይገባል ማለት ነው። ሞግዚቲቱም ልብስ ማጠቡ ሲበዛባት፣ ልጁም ታመመ እንዳይባልባት ስትፈራ፣ ገንፎውን አቅጥና አጥሚት ታደርገዋለች፤ በጡጦም ታጠጣዋለች። ነገር ግን ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ በውኃ ይሞላል እንጂ ለሰውነት ኀይል አይሰጥም፤ እንዲያውም ከወፍራሙ ይልቅ ተመልሶ ለመፍሰስ ይቀለዋል። መለኪያውም ይህ ነው፦ ማንኪያውን ዘንበል ሲያደርጉት ገንፎው ቶሎ ተንጠባጥቦ የማይወርድ መሆን አለበት።

ገንፎው ከእህል ብቻ ሳይሆን ከጥራጥሬም ጋራ የተመጠነ ይሁን። አገራችን ይህን ካወቀች ቆይታለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል፣ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት ፋፋ የተባለውን ምግብ ያዘጋጀው በዚሁ አሳብ ነው። በቤት የተሰናዳ ምጥንም በትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ሲለወስ፣ እንቁላልም ሲጨመርበት መልካም ምግብ ይሆናል። አዲስ ነገር ሲሰጥ ግን አንድ በአንድ ይሁን፤ ያልተስማማው ቢኖር የትኛው እንደ ሆነ ይታወቃልና። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥ፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚፈጥር ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል።

አገላለጹ ቀላል ቢሆንም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ ምክር ነው። ሲጀመር በአንድ ጊዜ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል፤ እስከ 8 ወርም እየጨመረ የአንድ ብርጭቆ ግማሽ ይደርሳል። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይመገብ። ፊቱን ሲያዞር ወይም አፉን ሲዘጋ ጠግቧልና ማቆም ነው፤ አፉን ይዞ መጋት ግን ቅርሻትን ከማብዛቱም በላይ ሊያንቀው ይችላል። ከበላ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርጎ ማቀፍና ማስገሳት እንጂ፣ ወዲያውኑ ማስተኛት፣ ማንጠር፣ ወይም ሆዱን በማዘያ አጥብቆ ማዘል አይገባም። የሽንት ጨርቁም ሆዱን አያጥብቀው። ሲተኛ ግን ቢያቀረሽም እንኳ፣ ትራስ በሌለው ለጥ ባለ መኝታ ላይ በጀርባው ይተኛ፤ በሆድ ማስተኛት ለድንገተኛ ሞት ያጋልጣል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ልጅ ባቀረሸ ቁጥር «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ወይም «የወተት ጥርሱ ነው፣ ይነቀል» የሚል ምክር ከዘመድም ከጎረቤትም አይጠፋም። እንጥል ከላንቃ በስተኋላ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ናት፤ ቅርሻት ግን የሚነሣው ከጨጓራ አፍ ነው። ስለዚህ እንጥል መቁረጥ፣ ጣራ ሲያፈስ በር እንደ መንቀል ነው። ታዲያ ልማዱ ለምን ጸና ቢባል፣ ቅርሻት በዕድሜ ብዛት በራሱ የሚተው ስለሆነ ነው። ልጁ ከተቆረጠ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሻለው፣ ምስጋናውን ዕድሜው ሳይሆን ቆራጩ ይወስደዋል። ደም ፈስሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የሞተው ልጅ ግን አይቆጠርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች ጋራ ቆጥሯቸዋል። አያቲቱ ይህን ሲያስቡ በፍቅር እንጂ በክፋት አይደለምና ማቃለል አይገባም። «እማማ፣ እርስዎ ለልጁ አስበው ነው፤ እንግዲያውስ አብረን ለሐኪም እናሳየው» ቢሏቸው ክብራቸውም ይጠበቃል፣ ልጁም ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ቅርሻት ነው ብሎ መተኛትም አይገባም። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፦ የሚወጣው አረንጓዴ ሐሞት፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ሲሆን፤ በየጊዜው በኀይል ርቆ ሲፈናጠር፤ ሆዱ ሲነፋ፤ ሲያተኩሰው፤ እርግብግቢቱ ሲያብጥ ወይም ሲጎደጉድ፤ ሲታፈን ወይም ከንፈሩ ሲጠቁር፤ ሲፈዝና አልጠባም ሲል። ደግሞም ከዚህ ቀደም የማያቀረሽ የነበረ ልጅ ከ6 ወር በኋላ አዲስ ቢጀምረው፣ ወይም ከዓመት በኋላ ባይተወው፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ትውከቱ ከተቅማጥ ጋራ ከሆነ ጡቱን ሳያቋርጡ ኦ አር ኤስ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ብሎ መቀጠል፤ ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሐኪም ያላዘዘውን የጨጓራ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ ለሕፃን መስጠት ግን ፈጽሞ ነውር ነው።

የቅርሻቱን መጠን ስትገምቱም ዓይናችሁ እንዳያታልላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት በጨርቅ ላይ አፍስሱና እዩት፤ የልጁ ምሳ ሁሉ የፈሰሰ ይመስላችኋል። ስለዚህ ዳኛው ትከሻችን ላይ ያለው ምልክት ሳይሆን የጤና ጣቢያው ሚዛን ነው። በየጊዜው ሲመዘን ክብደቱ የሚጨምር፣ የሚጫወትና የሚስቅ ልጅ ቢያቀረሽ የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅና የወላጆቹ ትዕግሥት ነው። ክብደቱ ቆሞ የቀረ ወይም የቀነሰ ልጅ ግን፣ ቅርሻቱ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ ነገ ጧት ልጃችሁን ስትሰናበቱ፣ ኮታችሁን ከመልበሳችሁ በፊት እቀፉት፤ በትከሻችሁም ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ቤት ለምትውለው ሞግዚት አንብቡላት፤ ማንኪያው ያለው በእርሷ እጅ ነውና። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።